ባቄላ፣ ዕቁብና የደብረ ሲና ቆሎ፦ ስታቲስቲክስን ከቤት መጀመር

የጎረቤቴ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ስታቲስቲክስ ደረሳት። አንድ ማታ ደብተሯን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ አማካይ ማስላቱንስ ችያለሁ፤ ግን ምን እንደሚነግረኝ አላውቅም» አለችኝ። ጥያቄዋ በጣም ደስ አለኝ። ብዙዎቻችን ይህን ሳንጠይቅ ነው ፈተናውን አልፈን የወጣነው።

ያን ማታ ቀመር የሚባል ነገር አልነካንም። ከጓዳ አንድ ጣሳ ባቄላ አስመጣሁና ወለሉ ላይ ተቀመጥን። እዚህ የምጽፍላችሁ ከዚያ ማታ ጀምሮ አብረን የሄድንበትን መንገድ ነው። ለተማሪም፣ ሱቅ ለሚነግድም፣ ለገበሬም ይሆናል። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የስልክ ካልኩሌተርና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ስታቲስቲክስ የልዩነት ትምህርት ነው። ደብረ ሲና መንገድ ዳር የሚሸጠው ቆሎ ከረጢቱ ሁሉ እኩል ቢመዝን፣ ባጃጅ ሁልጊዜ በ5 ደቂቃ ቢመጣ፣ ጅሩ ላይ ያለ ማሳ ሁሉ እኩል ስንዴ ቢሰጥ፣ ይህ ትምህርት ባላስፈለገ ነበር። አንዱን አይተን ሁሉን እናውቅ ነበር። ነገሮች ስለሚለያዩ ነው መቁጠርና ማነጻጸር የመጣው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ «ምን ያህል ይለያያል? ለምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

ደረጃ 1፦ የራሳችሁን ቁጥር ሰብስቡ

የመጽሐፍ ቁጥር የሰው ቁጥር ነው፤ አያሳስባችሁም። እናንተ ራሳችሁ የምትለኩትን አንድ ነገር ምረጡ። ልጅቷ የመረጠችው ጠዋት እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ላይ ቆማ ባጃጅ የምትጠብቅበትን ጊዜ ነው። የሱቅ ባለቤት ከሆናችሁ የቀኑን ሽያጭ ያዙ። ላም ካላችሁ የጠዋቱን ወተት ለኩ።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት ግን ደንቡን በጽሑፍ አስቀምጡ። መጠበቅ የሚጀምረው መቼ ነው? አስፋልቱ ዳር ስደርስ? እጄን ስዘረጋ? የሞላ ባጃጅ ቢያልፍ ይቆጠራል? ይህ ጥቃቅን ይመስላል። ነገር ግን ዛሬ በአንድ ደንብ፣ ነገ በሌላ ደንብ ከለካችሁ፣ የምታዩት ልዩነት የባጃጁ ሳይሆን የእናንተው ይሆናል።

ከቁጥሩ ጎን ቀኑን፣ ሰዓቱንና አንድ ቃል ማስታወሻ ጻፉ። «ዝናብ»፣ «ገበያ»፣ «በዓል» ይበቃል። ይህችን ቃል አትናቋት፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

የልጅቷ የመጀመሪያ 10 ቀናት በደቂቃ እንዲህ ነበሩ፦

4፣ 6፣ 5፣ 7፣ 5፣ 30፣ 6፣ 4፣ 5፣ 8

ደረጃ 2፦ ከማስላታችሁ በፊት ደርድሩና እዩ

ባቄላው የመጣው ለዚህ ነው። ወለሉ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር ሳሉና ከ1 እስከ 30 ቁጥር ጻፉበት። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ባቄላ በቁጥሩ ላይ አስቀምጡ። ቁጥሩ ከተደገመ ባቄላውን ከላይ ከላይ ደርድሩ። 5 ላይ ሦስት ባቄላ ይቆማል። 4 እና 6 ላይ ሁለት ሁለት። 7 እና 8 ላይ አንድ አንድ። ከዚያ ባዶ ወለል፣ ባዶ ወለል፣ ባዶ ወለል... እና ወዲያ 30 ላይ አንዲት ብቸኛ ባቄላ።

ልጅቷ ያችን ባቄላ ስታይ ሳቀች። «ይቺስ ምን ልትሠራ ሄደች?» አለች። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው፤ ያመጣው ደግሞ ቀመር ሳይሆን ዓይኗ ነው። መጽሐፉ ይህን ሥዕል ዶት ፕሎት ይለዋል፤ የሂስቶግራም ቅርብ ዘመድ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ማንም ሰው ሥዕሉን ሳያይ አማካይ ባያሰላ እመርጣለሁ።

ደረጃ 3፦ ሦስቱን መሀሎች ለዩ

«መሀሉ የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሦስት መልስ አለ።

የመጀመሪያው አማካይ ነው። አማካይ እኩል ማካፈል ነው። 10ሩን ቀን ስንደምር 80 ደቂቃ ይሆናል። ለ10 ቀን እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 8 ይደርሰዋል። አሁን ወደ ባቄላው ተመለሱ። 8 ደቂቃ የጠበቀችው ስንት ቀን ነው? አንድ ቀን ብቻ። ከ8 በላይ የጠበቀችውም አንድ ቀን ብቻ ነው። የቀሩት ስምንት ቀናት በሙሉ ከአማካዩ በታች ናቸው። ያቺ የሄደችው ባቄላ ሁሉንም ወደ ራሷ ጎትታዋለች።

ሁለተኛው ሚዲያን ነው። ሚዲያን ሰልፍ ነው። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ አሰልፏቸውና መሀል ላይ የቆመውን ያዙ።

4፣ 4፣ 5፣ 5፣ 5፣ 6፣ 6፣ 7፣ 8፣ 30

10 ስለሆኑ መሀል ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ 5 እና 6። የሁለቱ አጋማሽ 5.5 ነው። 30 የነበረው 300 ቢሆን እንኳ ሚዲያኑ ንቅንቅ አይልም።

ሦስተኛው ሞድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተደጋገመው ቁጥር። እዚህ 5 ነው። ለጫማ ነጋዴ ሞድ ትልቅ ነገር ነው፤ አማካይ የእግር ቁጥር 39.4 ነው ቢሉት ምን ያደርግለታል?

ብዙ ጽሑፎች እዚህ ላይ «አማካይ ያታልላል፣ ሚዲያን ይሻላል» ብለው ያልፋሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጥያቄው ነው የሚወስነው። «ነገ ጠዋት ምን ያህል ብጠብቅ ነው?» ካላችሁ 5.5 ይሻላል። «በወር 26 ቀን ብመላለስ በጠቅላላ ስንት ደቂቃ ይባክንብኛል?» ካላችሁ ግን አማካዩን ያዙ፤ 8 በ26 ሲባዛ 208 ደቂቃ። በሚዲያኑ ብታሰሉት 143 ይላችኋል። ያ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ሚዲያን ረጃጅሞቹን ቀናት ረስቷቸዋል። ገንዘብም እንዲሁ ነው። የወር ወጪ የሚሰላው በአማካይ ነው።

ደረጃ 4፦ ስርጭቱን ለኩ

ልብ ያለው እዚህ ነው፤ ቀስ ብለን እንሂድ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሄደ ሰው ጣርማ በርን ወርዶ ደብረ ሲና ሲደርስ መኪናውን የሚከቡትን ቆሎ ሻጮች ያውቃል። ከሁለት ሻጮች አምስት አምስት ከረጢት ገዛን እንበልና ቤት ወስደን መዘንን። ቁጥሮቹን ለልምምድ ብዬ ነው ያዘጋጀኋቸው፤ በግራም ናቸው።

የመጀመሪያዋ ሻጭ፦ 98፣ 100፣ 101፣ 99፣ 102
የሁለተኛዋ ሻጭ፦ 70፣ 130፣ 100፣ 85፣ 115

ሁለቱንም ደምሩ። ሁለቱም 500 ናቸው። የሁለቱም አማካይ 100 ነው። ሚዲያናቸውም 100 ነው። በአማካይ ብቻ ብትሄዱ ሁለቱ ሻጮች አንድ ናቸው። ግን ከየትኛዋ ትገዛላችሁ? ከሁለተኛዋ የገዛ ሰው አንዳንዴ ይመረቅለታል፣ አንዳንዴ ይጎድልበታል። ይህን ልዩነት የሚለካው ስርጭት ነው።

ቀላሉ መለኪያ ሬንጅ ነው፤ ከትልቁ ትንሹን መቀነስ። የመጀመሪያዋ 4 ግራም፣ የሁለተኛዋ 60 ግራም። ሬንጅ ግን ሁለቱን ጫፎች ብቻ ነው የሚያየው። መሀል ላይ ያሉትን አይሰማቸውም። ሁሉንም የሚሰማው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው አራት እርምጃ ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ከረጢት ከአማካዩ ምን ያህል ራቀ? ለመጀመሪያዋ ሻጭ፦ −2፣ 0፣ 1፣ −1፣ 2።

ሁለተኛ፣ እነዚህን ብትደምሯቸው ዜሮ ይመጣል። ሁልጊዜም ዜሮ ነው የሚመጣው፤ የጎደለውና የተረፈው ይጣፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን በራሱ አባዙት፤ አሉታዊው ይጠፋል። 4፣ 0፣ 1፣ 1፣ 4። ድምሩ 10።

ሦስተኛ፣ አካፍሉ። ለ5 ሳይሆን ለ4። እዚህ ላይ ሁሉም ተማሪ «ለምን?» ይላል። ብዙ መምህር ደግሞ «ቀመሩ ስለሆነ» ብሎ ያልፈዋል። ምክንያቱ ግን በእጃችን ነው። ርቀቶቹ ሲደመሩ የግድ ዜሮ መሆን አለባቸው ብለናል። አራቱን ርቀት ብነግራችሁ፣ −2፣ 0፣ 1፣ −1፣ አምስተኛውን ሳትመዝኑ ታውቁታላችሁ። 2 ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ አዲስ ነገር የነገሩን አራት ናቸው እንጂ አምስት አይደሉም። አማካዩን ራሱን ከነዚሁ ከረጢቶች ስላወጣነው አንዱን ከፍለንበታል። 10 ለ4 ሲካፈል 2.5።

አራተኛ፣ ማባዛቱን ለመመለስ ካሬ ሥር ውሰዱ። የ2.5 ካሬ ሥር 1.58 ነው። ግራም ነው፤ የምትረዱት መለኪያ።

ለሁለተኛዋ ሻጭ ራሳችሁ ሥሩት። ርቀቶቹ −30፣ 30፣ 0፣ −15፣ 15 ናቸው። በራሳቸው ሲባዙ ድምራቸው 2,250። ለ4 ሲካፈል 562.5። ካሬ ሥሩ 23.7 ግራም። 1.58 እና 23.7። ሁለቱ ሻጮች አሁን አንድ ናቸው?

በኤክሴል የምትሠሩ ከሆነ ለስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሁለት ትዕዛዝ ታገኛላችሁ። በኤስ የሚያልቀው አንድ ቀንሶ የሚያካፍለው ነው፤ ለናሙና፣ ማለትም ከብዙው ጥቂቱን ብቻ ለለካችሁበት፣ እሱን ተጠቀሙ። በፒ የሚያልቀው ሁሉንም፣ አንድም ሳይቀር፣ ለቆጠራችሁበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ በእጃችሁ ሥሩት። እጅ የሠራውን ጭንቅላት አይረሳም።

ደረጃ 5፦ ደጋና ቆላን አትደባልቁ

እኛ ሰሜን ሸዋዎች ለዚህ ትምህርት የታደልን ነን። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። የሁለቱ አማካይ 2,050 ነው። ይህን ቁጥር ይዞ ደብረ ብርሃን ላይ ለሚዘራ ገበሬ ምክር መስጠት ይቻላል? ለሸዋ ሮቢቱ የሽንኩርትና የማሾ ገበሬስ? አንዱ ጋቢ ደርቦ ያድራል፣ ሌላው ሙቀት እንቅልፍ ይነሳዋል።

የሁለቱን ቦታ ሙቀት ደባልቃችሁ ባቄላ ብትደረድሩ፣ ሥዕሉ ላይ ሁለት ጉብታ ይወጣል። መሀሉ ጎድጓዳ ነው። አማካዩ የሚያርፈው ጎድጓዳው ላይ፣ ማንም በሌለበት ነው። ሁለት ጉብታ ካያችሁ ቁጥሮቹ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር ተቀላቅሏል ማለት ነውና ለዩዋቸው። ወንድና ሴት፣ ክረምትና በጋ፣ የሥራ ቀንና ሰንበት ሊሆን ይችላል። ለያይታችሁ እያንዳንዱን ለብቻው አስሉ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሚያስፈልገው መሀሉ ሳይሆን ጫፉ ነው። የደጋ ገበሬ ውርጭን ያውቃል። የአንድ ሳምንት ሌሊቶች ዝቅተኛ ሙቀት ይህ ነው እንበል፦ 5፣ 4፣ 6፣ 5፣ −3፣ 6፣ 5። አማካዩ 4 ዲግሪ ነው፤ ለባቄላ የሚያሰጋ አይመስልም። ባቄላው ግን በአምስተኛው ሌሊት ተቃጥሏል። ማሳ የሚያጠፋው አንድ ሌሊት ነው። ለእሱ የሚጠቅመው ቁጥር ዝቅተኛው ነው፤ ያ ሌሊት በስንት ዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመጣም ማወቅ አለበት።

ደረጃ 6፦ እጃችሁን ከጆንያው ሥር አድርሱ

ሁሉን መቁጠር አይቻልም። አገራችን እንኳ ሙሉ የሕዝብ ቆጠራ ያካሄደችው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። በመሀል ያለው እውቀት የሚመጣው ከናሙና ነው፤ ጥቂቱን አይቶ ብዙውን ከመገመት።

ይህንን ከእህል ገዢ የተሻለ የሚያስተምር የለም። የምንጃር ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ አይከፍልም። እጁን ክርኑ እስኪጠፋ ይከታል፣ ከሥር ይዘግናል፣ ከጎን ይዘግናል። ለምን? ላይኛው ተመርጦ የተደረገ ሊሆን ይችላላ። የናሙና ትምህርት በሙሉ ከዚህ አያልፍም፤ ለእጃችሁ የቀረበውን ብቻ አትዝገኑ።

አስፋልት ዳር ያሉ ገበሬዎችን ብቻ ጠይቆ «የወረዳው ምርት ይህን ያህል ነው» ማለት የጆንያ አፍ ማየት ነው። ማዳበሪያ የሚደርሳቸው፣ ባለሙያ የሚጎበኛቸው እነሱ ናቸው። በቴሌግራም «ኢንተርኔት ትጠቀማላችሁ?» ብሎ መጠየቅም ያው ነው።

መድኃኒቱ ዕጣ ነው። የሁሉም ስም ይጻፋል፣ ይታጠፋል፣ ይደባለቃል፣ ይወጣል። ዕጣ ለማንም አያዳላም፤ ለአስፋልት ዳሩም፣ ገደል ለገደል ሦስት ሰዓት ለሚያስኬደውም። የሰብል ምርት ለመገመት ባለሙያዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ማሳው በዕጣ ይመረጣል። በማሳው ውስጥም 4 ሜትር በ4 ሜትር ቦታ በዕጣ ይከለላል፣ ታጭዶ ተወቅቶ ይመዘናል። 16 ካሬ ሜትር ማለት ነው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ በ625 ይባዛል። ከዚያች ቦታ 4 ኪሎ ስንዴ ቢገኝ በሄክታር 2,500 ኪሎ፣ ማለትም 25 ኩንታል ይሆናል። ሚዛኑ በአንድ ኪሎ ቢሳሳት ግን ስህተቱም በ625 ይባዛል፤ ከ6 ኩንታል በላይ። «በግምት ተከል አድርገው» የማይባለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ ዕድልን ከዕቁብ ተማሩ

የልጅቷ እናት 12 አባላት ያሉት የወር ዕቁብ አላቸው። ልጅቷን «እናትሽ በሦስተኛው ዕጣ የመውጣት ዕድላቸው ስንት ነው?» አልኳት። «ሁለቱ ስለወጡ ከ10 አንድ ነዋ» አለች። ልክ ናት፤ ሁለት ዕጣ ወጥቶ እናቷ ገና ካልደረሳቸው። ዕቁቡ ሳይጀመር የተጠየቀ እንደሆነስ? ያን ጊዜ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው ያለመውጣት ዕድል ከ12 11፣ በሁለተኛው ያለመውጣት ከ11 10፣ በሦስተኛው መውጣት ከ10 1።

11/12 × 10/11 × 1/10 = 1/12

11ዱ ከ11 ጋር፣ 10ሩ ከ10 ጋር ተጣፋ። ከ12 አንድ። ለሰባተኛው ብትሠሩት፣ ለመጨረሻውም ብትሠሩት 1/12 ነው። ማንኛውም አባል ለማንኛውም ወር እኩል ዕድል አለው። አያቶቻችን ይህን ክፍልፋይ ሳይጽፉ ያውቁት ነበር፤ ባያውቁት ኖሮ ማንም ዕቁብ አይገባም ነበር።

አሁን ጥንቃቄ። ዕቁብ ላይ «አምስት ጊዜ አልወጣልኝም፣ አሁን ተራዬ እየቀረበ ነው» ማለት ትክክል ነው። የወጣው ስም ወደ ዕጣው አይመለስምና የቀሩት ዕድል እያደገ ይሄዳል። ከ12 አንድ፣ ከ11 አንድ፣ ከ10 አንድ እያለ እስከ መጨረሻው፤ የመጨረሻው ሰው እርግጠኛ ነው። ሎተሪ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ያለፈው ወር ሎተሪ ያንተን አለመውጣት አያስታውስም። ልጅ መውለድም እንደዚሁ ነው። «ሦስት ሴት ወልዳለች፣ አራተኛው ወንድ ነው» ሲባል እንሰማለን። አራተኛው ልጅ ስለ እህቶቹ የሚያውቀው ነገር የለም። ዕድሉ ዛሬም ግማሽ አካባቢ ነው። ሰው ከዕቁብ የተማረውን ወደማይሆንበት ቦታ ይወስደዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ጠይቁ፦ የወጣው ይመለሳል ወይስ አይመለስም?

ሳንቲም ወርውሩ። 10 ጊዜ ወርውራችሁ በአንዱ ገጽ 7 ወይም ከዚያ በላይ ቢወጣ አትገረሙ፤ ከሦስት ሰው በአንዱ ላይ ገደማ ይደርሳል። 100 ጊዜ ወርውራችሁ በአንዱ ገጽ 70 እና ከዚያ በላይ ቢወጣ ግን ሳንቲሙን መርምሩት። በደህና ሳንቲም ይህ ከ10,000 አንድ ጊዜ እንኳ አይሞላም። ሁለቱም ጋ 70 በመቶ ነው። ልዩነቱ ስንት ጊዜ መወርወሩ ነው። ትንሽ ናሙና ብዙ ይዋዥቃል። በቀን አምስት ሰው ብቻ የሚታከምባት ጤና ኬላ «የወባ ታማሚ በእጥፍ ጨመረ» ብትል፣ መጀመሪያ ይህን ሳንቲም አስታውሱ።

ደረጃ 8፦ «ምን ያህል እርግጠኛ ነኝ?» በሉ

ወደ ቆሎው እንመለስ። የመዘንነው አምስት ከረጢት ብቻ ነው። የሻጯ እውነተኛ አማካይ 100 ስለመሆኑ ምን ያህል እንተማመን?

እዚህ ላይ የገብስ ታሪክ አለ። ዊልያም ጎሴት የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1899 ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። ሥራው ከገብስና ከቢራ ጥራት ጋር የተያያዘ ነበር። ያለው ሙከራ ሁልጊዜ ጥቂት ነው፤ አራት ማሳ፣ አምስት ማሳ። በዚያን ጊዜ የነበረው ስሌት ለብዙ ቁጥር እንጂ ለጥቂት አይሆንም ነበር። በ1908 መፍትሔውን «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አሳተመ። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ ያለው የስቱደንት ቲ የሱ ነው። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ደብረ ብርሃን ላይ ሆኜ ስለማነበው ነው። የእኛም ደጋ ገብስ ነው፤ ከተማችንም ቢራ ይጠመቅባታል። ጎሴትን ያስጨነቀው ጥያቄ ከመስኮታችን ውጭ ያለው ማሳ ላይ ነው ያለው።

አሠራሩ ይኸው። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ለናሙናው ብዛት ካሬ ሥር አካፍሉ። የ5 ካሬ ሥር 2.24 ነው። ለመጀመሪያዋ ሻጭ 1.58 ለ2.24 ሲካፈል 0.71። ለሁለተኛዋ 23.7 ለ2.24 ሲካፈል 10.6። ከዚያ ለአምስት ናሙና ከጎሴት ሠንጠረዥ የሚገኘውን 2.78 አባዙበት። የመጀመሪያዋ 100 ሲደመር ሲቀነስ 2። የሁለተኛዋ 100 ሲደመር ሲቀነስ 29። ስለ ሁለተኛዋ ልንል የምንችለው «አማካይዋ ከ71 እስከ 129 ባለው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም» ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ክልል ደጋግመን ብንሠራ ከ100ው 95 ጊዜ ገደማ እውነተኛውን አማካይ ይይዛል።

ካሬ ሥሩን ልብ በሉት። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናውን በእጥፍ ማድረግ አይበቃም፤ አራት እጥፍ ይጠይቃል። 5 ከረጢት የነበረው 20 ይሆናል። ጥናት ውድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የበሬው ግምት

ይህ ደረጃ አይደለም፤ ለበዓል የሚሆን ልምምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ ውስጥ ፕሊመዝ ከተማ በከብት ኤግዚቢሽን ላይ ሰዎች የአንድ በሬ ሥጋ ምን ያህል እንደሚመዝን ለመገመት ተወዳደሩ። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለ ሳይንቲስት 787 ግምቶችን ሰብስቦ ደረደራቸው። ሚዲያኑ 1,207 ፓውንድ ሆነ። የበሬው ትክክለኛ ክብደት 1,198 ነበር። በእኛ መለኪያ 547 ኪሎ ገምተው 543 ሆነ። አንድ በመቶ እንኳ አልሳቱም።

እዚያ ሁሉም በየካርዱ ለብቻው ጽፎ ነው የሰጠው። የእኛ ከብት ገበያ ላይ ደላላው አስቀድሞ ጮክ ብሎ ዋጋ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ የሁሉም ግምት እዚያው ዙሪያ ይሽከረከራል። መቶ ሰው ቢጠየቅም የአንድ ሰው ድምፅ ነው የምትሰሙት። በሚቀጥለው በዓል በግ ስትገዙ ይህን ሞክሩ። ሚዛን ላይ ሳይወጣ የቤተሰቡ ሰው ሁሉ፣ ልጆቹም ጭምር፣ ሳይነጋገር ግምቱን በወረቀት ይጻፍ። ሚዲያኑን አውጡ፤ ከዚያ መዝኑት።

ደረጃ 9፦ አብሮ መሄድና ማምጣት ይለያያሉ

መንዝ ላይ ባና የደረበ ሰው በበዛበት ወር ጉንፋንም ይበዛል። ባና ጉንፋን ያመጣል? አያመጣም። ሁለቱንም ያመጣቸው የብርዱ ወቅት ነው። ሁለት ነገር አብሮ ሲወጣና ሲወርድ ኮሪሌሽን አለ ይባላል። አንዱ ሌላውን አመጣው ለማለት ግን ሦስተኛ ነገር ከኋላ እንዳለ መፈለግ ግድ ነው።

ሌላው ወጥመድ ጊዜ ነው። ምች የመታው ሰው ዳማከሴ የሚጠጣው መቼ ነው? ሲብስበት ነው። በጣም ሲብስ የተያዘ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱም ቢሆን ከዚያ እየተሻለ ይሄዳል። ዳማከሴ አይሠራም ማለቴ አይደለም። ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን የጠጡትን ብቻ ሳይሆን ያልጠጡትንም መቁጠር አለባችሁ፤ ማን እንደሚጠጣ ደግሞ በዕጣ መለየት አለበት። ማነጻጸሪያ የሌለው ቁጥር እንደ አንድ እግር ጫማ ነው።

ወደ ደብተሩ ስንመለስ

ልጅቷ መለካቱን አላቆመችም። ወሩ ሲሞላ ባቄላውን እንደገና ወለል ላይ ደረደርነው። ያቺ 30 ላይ ብቻዋን የቆመችው ባቄላ ጓደኞች አግኝታለች። ከ20 ደቂቃ በላይ አራት ባቄላ ቆሟል። የቀሩት በሙሉ ከ4 እስከ 9 ተጨናንቀዋል። ሁለት ጉብታ፤ መሀሉ ባዶ።

ደብተሯን ገልጣ ከቁጥሮቹ ጎን የጻፈቻትን ቃል ፈለገች። አራቱም ላይ «ገበያ» ይላል። ባጃጆቹ ያን ቀን እህልና ሰው ሲያመላልሱ ነው የሚውሉት። ሁለቱን ለየች። ለሥራ ቀን አንድ ሚዲያን፣ ለገበያ ቀን አንድ ሚዲያን አወጣች። ከዚያ ከቤቷ እስከ ግቢው በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ በሦስት ጠዋት ለካች። 22፣ 24፣ 23።

አሁን በገበያ ቀን በእግሯ ነው የምትሄደው።